ቡናው ወፍራም ነው፣ እንግሊዝኛው ግን «ስትሮንግ»

ከበድ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን ስለማጥናት ብዙ ይባላል። ብዙው ልክ አይደለም።

«የአማርኛ ፍቺውን ከያዝኩ ቃሉን አወቅኩት»

ትልቁ ወጥመድ ይሄ ነው። «ኖቶሪየስ» ደብተር ላይ «ታዋቂ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ተማሪው መምህሩን ላሞግስ ብሎ «ኖቶሪየስ ቲቸር» ይላል። አሞገስኩ ሲል ሰደበ! ቃሉ የሚነገረው በክፉ ሥራው ስሙ ለወጣ ነው።

ቀላል የሚባሉትም ቢሆኑ ጉድ ያደርጋሉ። «ማስታወስ» የሚለው ቃላችን እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ ለሁለት ይከፈላል። ራሴ ካስታወስኩ «ሪሜምበር»፣ ሌላ ሰው ካስታወሰኝ «ሪማይንድ» ነው። «ፕሊስ ሪሜምበር ሚ ቱሞሮው» ብሎ ቴክስት የላከ ሰው «ነገ አስታውሰኝ» ማለቱ ነበር። ላነበበው ግን ስንብት ይመስላል።

ቃል ደግሞ ከጓደኛው ጋር ነው የሚያዘው። እኛ ቡናው ወፈረ፣ ቀጠነ እንላለን። እነሱ «ስትሮንግ» እና «ዊክ» ይላሉ። «ቲክ ኮፊ» ብትሉ ሰዋስዉ አልተጣሰም፤ ሰሚው ግን ገንፎ ነገር ነው የሚታየው። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ቃሉን ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚሄደውንም ጻፉ።

«ቃሉ በከበደ ቁጥር ማርኩ ይጨምራል»

አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ላይ የቃላት አጠቃቀም ከጽሑፉም ከንግግሩም ፈተና 25 በመቶ ይይዛል። ፈታኙ ግን ቃሉ ቦታውን አግኝቷል ወይ ብሎም ያያል። ያለቦታው የተሰነቀረ ከባድ ቃል ያስቀንሳል።

«አስር ሺህ ቃል ካልሸመደድኩ ዩኒቨርሲቲ አልችልም»

ኒውዚላንዳዊቷ ተመራማሪ አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የትምህርት ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦች (አንድ ቃል ከነእርባታው) ብቻ አሉት። ከአካዳሚክ ጽሑፍ ውስጥ ከ100 ቃል 10 ያህሉ ከነዚህ ነው። ዕለት ተዕለት የምንናገራቸውን ቃላት ከቻላችሁ ቀጥሎ እዚህ ግቡ። እንደ «ሲግኒፊካንት» እና «ኮንትራስት» ያሉት ናቸው፤ የሚያስፈራ ነገር የላቸውም።

«በአንድ ሌሊት መቶ ቃል እይዛለሁ»

ትይዛላችሁ። በሳምንቱ ግን አብዛኛው የለም። አስሯን ዛሬ፣ ነገ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ ማየት ይሻላል።

«የቃሉን መነሻ ካወቅኩ ፍቺውን እገምታለሁ»

ብዙ ጊዜ ይሠራል። እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ከቃል ፊት የሚመጣው «ኢን» ሁልጊዜ ፍቺውን ወደ «አይደለም» አይለውጥም። የነዳጅ ቦቴ ላይ «ኢንፍላመብል» ተጽፎ ብታዩ «አይቀጣጠልም ማለት ነው» ብላችሁ አጠገቡ ሲጋራ እንዳትለኩሱ። «ፍላመብል»ም «ኢንፍላመብል»ም ያው ተቀጣጣይ ናቸው።