የሩሲያ ፋሲካ ኦቨርቸር

"የሩሲያ ፋሲካ" (ኦፐስ 36) ሩሲያዊው አቀናባሪ ኒኮላይ ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ ለሙሉ ኦርኬስትራ የጻፈው፣ 15 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ የኮንሰርት ኦቨርቸር (ራሱን ችሎ የሚቀርብ ባለ አንድ ክፍል የኦርኬስትራ ሥራ) ነው። በሩሲያኛ "ብሩህ በዓል" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1887 ተጀምሮ በ1888 አለቀ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 15 ቀን (በሩሲያ የቀድሞ አቆጣጠር በ3) ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ አቀናባሪው ራሱ እየመራው ተሰማ። መታሰቢያነቱ ለአቀናባሪዎቹ ለሙሶርግስኪና ለቦሮዲን ነው።

ዋና ዋና ዜማዎቹ የተወሰዱት "ኦቢሆድ" ከሚባለው የቤተ ክርስቲያን ዜማ መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው "እግዚአብሔር ይነሣ፥ ጠላቶቹም ይበተኑ" ይላል፤ ዳዊት ለሚደግም ሰው መዝሙር 67፣ "ይትነሣእ እግዚአብሔር" ማለት ነው። ሌሎቹ "መልአኩ ጮኸ" እና "ክርስቶስ ተነሣ" ናቸው። ሪምስኪ-ኮርሳኮቭ አማኝ አልነበረም ይባላል፤ ሆኖም በተወለደበት በቲክቪን የገዳም ደወል እየሰማ ማደጉ በእያንዳንዱ ገጽ ይታወቃል።

መክፈቻው በ5/2 ምት (በአንድ ልኬት አምስት ምት) የተጻፈ ነው። የኦርኬስትራው መሪ እያንዳንዱን ሐረግ 2 እና 3 አድርጎ ካልከፈለው እንጨት ነፋሾቹ አብረው አይገቡም፤ አምስቱንም ምት በእኩል ክብደት ቢመታ ደግሞ ዜማው እንደ ቆጠራ ይደርቃል። የብቸኛው ቫዮሊን ካዴንዛ (ያለ አጃቢ በነጻነት የሚጫወተው ክፍል) ሲደርስ እጁን ማቆምና ተጫዋቹን መከተል አለበት። የክላሪኔቶቹ ኖታ ለሲ ክላሪኔት የተጻፈ ስለሆነ፣ ከተጻፈው አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ብሎ በሚሰማው በቢ-ፍላት ክላሪኔት የሚጫወቱ ሰዎች ሁሉንም ኖታ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ ፈጣኑ አሌግሮ ላይ ጣት የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

በመሐል ሁለተኛው ትሮምቦን (የናስ ትንፋሽ መሣሪያ) ብቻውን፣ ወንጌል እንደሚያነብ ካህን፣ በሙሉ ድምፅ ይዘምራል። ለትሮምቦን ከተጻፉት ሶሎዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ክብር ያለው ጥቂት ነው። ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በምት ተጠብቆ ሲጫወት ንባብነቱ ቀርቶ ሰልፍ ይሆናል። የኦርኬስትራ መሪው ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ በአንድ የድምፅ ቅጂ ቦታውን ለባስ ድምፃዊ ሰጥቷል።

የደወሉን ድምፅ የሚሠሩት ግሎከንሽፒል (በመዶሻ የሚመቱ የብረት ዘንጎች)፣ ትሪያንግል፣ ታም-ታም (ትልቅ የነሐስ ጎንግ)፣ ሃርፕና በጣት የሚነኩ አውታሮች ናቸው፤ እውነተኛ ደወል አይጠየቅም። መደምደሚያው በዲ ሜጀር "ክርስቶስ ተነሣ" ነው። እዚያ ሲደረስ ናስ ነፋሾቹ ደክመው ጉልበት ብቻ ይጨምራሉ፤ ያን ጊዜ ዜማውን የያዙት ቫዮሊኖች አይሰሙም።