ዴስፖሲኒ ምንድን ነው? ስለ ጌታ ዘመዶችና «ልጅ ነበረው ወይ?» ስለሚለው ጥያቄ

ሁለት ገበሬዎች ቄሣር ፊት ቆመዋል። ቄሣሩ ድምጥያኖስ ነው፤ ከ81 እስከ 96 ዓ.ም. ሮምን የገዛው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የተከሰሱት በዘራቸው ነው። የዳዊት ልጆች ናቸው ተብሎ ተጠቁሞባቸዋል። የዳዊት ዘር ማለት ደግሞ ለሮም ባለሥልጣን ነገ ተነስቶ «ንጉሥ ነኝ» ሊል የሚችል ሰው ነው።

ቄሣሩ የዳዊት ዘር መሆናቸውን ጠየቃቸው። አዎ አሉ። ሀብታቸውን ጠየቀ። ሁለታችንም ተደምረን 9,000 ዲናር አለን፣ እሱም በእጅ ያለ ገንዘብ ሳይሆን የመሬታችን ግምት ነው አሉት። መሬቱ 39 ፕሌትራ ነው፤ ፕሌትራ የግሪኮች የመሬት መለኪያ ነው። ራሳችን እያረስን ግብር እንከፍላለን፣ በዚያው እንኖራለን አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉለት። መዳፋቸው በሥራ ብዛት ሻክሮ፣ ቆዳው ደድሮ ነበር። ስለ ክርስቶስ መንግሥት ሲጠይቃቸው የዚህ ዓለም እንዳልሆነች፣ በዘመን መጨረሻ እንደምትገለጥ ነገሩት። ድምጥያኖስ ናቃቸውና ለቀቃቸው።

እነዚህ ሰዎች የይሁዳ የልጅ ልጆች ናቸው። አስቆሮቱ አይደለም። ወንጌል ከጌታ ወንድሞች መካከል የሚቆጥረው ይሁዳ ነው። ታሪካቸውን በሁለተኛው መቶ ዘመን የጻፈው ሄጌሲጶስ ነው፤ ለእኛ ያቆየልን ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው የቂሣርያው አውሳብዮስ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው እነዚያ እጆች ላይ ነው።

ስማቸው «ዴስፖሲኒ» ነው። ቃሉ የግሪክ ነው። «ዴስፖቴስ» ጌታ ማለት ነው፤ «ዴስፖሲኒ» ደግሞ የጌታ የሆኑ፣ በእኛ አነጋገር የጌታ ቤተ ዘመድ። በሦስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዩልዮስ አፍሪካኖስ የተባለ ጸሐፊ ሰዎቹ በዚህ ስም ይጠሩ እንደነበር ጽፏል። ከናዝሬትና ኮካባ ከምትባል መንደር ተነስተው በየቦታው እንደተበተኑ፣ የትውልድ ሐረጋቸውንም በቃልና በጽሑፍ ይጠብቁ እንደነበር ይነግረናል።

ታዲያ ምን ዓይነት ዘመድ? እዚህ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ይለያያሉ። ማርቆስ 6፥3 ያዕቆብን፣ ዮሳን፣ ይሁዳንና ስምዖንን የኢየሱስ ወንድሞች ብሎ ይጠራቸዋል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አባቶች እነዚህ አረጋዊው ዮሴፍ ከቀድሞ ሚስቱ የወለዳቸው ልጆች ናቸው ይላሉ። ካቶሊኮች ሄሮኒሞስን ተከትለው የአክስት ወይም የአጎት ልጆች ያደርጓቸዋል። አማርኛ ለሚናገር ሰው ይህ አይከብደውም፤ የአጎታችንን ልጅ «ወንድሜ ነው» ብለን አይደል የምናስተዋውቀው? አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች ደግሞ ማርያምና ዮሴፍ በኋላ የወለዷቸው ታናናሾች ናቸው ይላሉ። ክርክሩ ረጅም ነው። ለዛሬው ጥያቄያችን ግን ሦስቱም አንድ ላይ ይቆማሉ፤ ወንድም እንጂ ልጅ የሚል የለም።

ጥያቄው ምን መሰላችሁ? ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ በየጊዜው የሚመላለሰው ነው። «ኢየሱስ አግብቶ ነበር፣ ዘሩ እስከ ዛሬ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ደብቃው ነው» የሚለው። አንዲት የቅርብ ዘመዴ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ልካልኝ «እውነት ነው እንዴ?» ስትል ድምጿ ውስጥ ድንጋጤ ነበር። ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው ብል ይቀላል።

የእኔ መልስ ከዴስፖሲኒ ይጀምራል። የኢየሩሳሌምን ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የመራው «የጌታ ወንድም» ያዕቆብ ነበር። በ62 ዓ.ም. ተገደለ። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ሳይሆን ፍላቪዮስ ዮሴፍ ሞቱን ሲመዘግብ «ክርስቶስ የተባለው የኢየሱስ ወንድም» ብሎ ነው የለየው። ከእሱ በኋላ ማንን መረጡ? የቀለዮጳን ልጅ ስምዖንን። ሄጌሲጶስ እንደሚለው ቀለዮጳ የዮሴፍ ወንድም ነው፤ ስለዚህ ስምዖን ለጌታ የአጎት ልጅ ይሆናል። የተመረጠበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ዝምድናው ነበር። እሱም በቄሣር ትራጃን ዘመን ተሰቅሎ ሞተ።

እስቲ እንደ አገራችን ሰው እናስበው። ልጅ እያለ የአጎት ልጅ ይወርሳል? ዘመድነት ያን ያህል በተከበረበት ማኅበር ውስጥ የኢየሱስ ወንድ ልጅ ወይም ሴት ልጅ ቢኖር፣ ቢያንስ ስሙ አይጠራም? የወንድሙን የልጅ ልጆች መሬት በፕሌትራ ቆጥረው ያቆዩልን ሰዎች የራሱን ልጅ ይረሳሉ? ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ ይህ ዝምታ ነው።

ጳውሎስም ሳያስበው ይመሰክራል። 1ኛ ቆሮንቶስ 9፥5 ላይ ሚስት ይዞ የመዞር መብት አለኝ ብሎ ይከራከራል። ምሳሌ የሚጠራው ሌሎቹን ሐዋርያት፣ የጌታን ወንድሞችና ኬፋን፣ ማለትም ጴጥሮስን ነው። ጌታ ራሱ ሚስት ቢኖረው ኖሮ ክርክሩ በአንድ ቃል ያልቅ ነበር።

«የዚያ ዘመን አይሁዳዊ በ30 ዓመቱ ሳያገባ አይቀርም» የሚሉ አሉ። የተለመደው ማግባት ነበር፣ ልክ ነው። ግን ያላገቡም ነበሩ። ነቢዩ ኤርምያስ እንዳያገባ በእግዚአብሔር ታዟል። ጳውሎስ ያለ ሚስት ነበር የሚያገለግለው። ኢየሱስም በማቴዎስ 19፥12 ስለ መንግሥተ ሰማያት ራሳቸውን ጃንደረባ ስላደረጉ ሰዎች በአክብሮት ተናግሯል።

ሚስት ተብላ የምትጠራው ብዙ ጊዜ መግደላዊት ማርያም ናት። እሷን በተመለከተ ሁለት በደል ተፈጽሟል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው በ591 የሮሙ ጳጳስ ቀዳማዊ ጎርጎርዮስ በስብከቱ ሉቃስ 7 ላይ ካለችው ኃጢአተኛ ሴት ጋር አንድ አድርጎ መቁጠሩ ነው። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ይህን አልተቀበሉም፤ ሮምም በ1969 የበዓላት ሥርዓቷን ስታሻሽል ተወችው። ሁለተኛው በደል የዘመናችን ነው፤ ሚስት ካልሆነች በቀር ምንም የማትሆን ይመስል። ወንጌል ግን በባል አይጠራትም። በከተማዋ በመግደላ ነው የምትታወቀው። ከመስቀሉ ሥር ቆማለች፤ ትንሣኤውን ቀድማ አይታ ለሐዋርያት የነገረች እሷ ናት። ይህ አይበቃትም?

የጋብቻው ወሬ የሚደገፍበት አንዱ ጽሑፍ የፊልጶስ ወንጌል የሚባለው ነው። በ1945 በላይኛው ግብፅ፣ ናግ ሐማዲ አጠገብ ተቀብረው ከተገኙት የቅብጥ ጽሑፎች አንዱ ነው። ሐዋርያው የጻፈው አይደለም፤ ብዙ ዘመን ዘግይቶ በግኖስቲኮች፣ ማለትም መዳን በስውር ዕውቀት ነው በሚሉ ወገኖች ዘንድ የተጻፈ ነው። ማርያምን የጌታ «ባልንጀራ» ይላታል። ቀጥሎ ከሌሎቹ ይልቅ ይወዳት እንደነበርና ይስማት እንደነበር ይናገራል። የት ነው የሳማት? እዚያ ላይ ወረቀቱ ቀዳዳ ነው። ቃሉ የለም። «ከንፈሯን» የሚለውን የሞሉት የኋላ ሰዎች ናቸው። እዚያ ቀዳዳ ላይ ስንት ነገር ተሠራ!

ቃሉ ቢገኝስ? መሳሳም በጥንት ክርስቲያኖች ዘንድ ሰላምታ ነበር። በቅዳሴያችን ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል የሚያዘው ይህንኑ ነው። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ አያደክምም።

ከዚያ በ2012 ሮም ላይ አንድ ቁራጭ ፓፒረስ ቀረበ። ያቀረቡት የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ካረን ኪንግ ናቸው። ቁመቱ 4፣ ወርዱ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በቅብጥ «ኢየሱስም አላቸው፦ ሚስቴ» ይልና ይቆረጣል። ዓለም ተንጫጫ። ቀስ ብሎ ግን ነገሩ ተገለጠ። ፓፒረሱ ሲመረመር ወደ መካከለኛው ዘመን የተጠጋ ሆነ። ጽሑፉም የቶማስ ወንጌል ከሚባለው ቃላት እየተለቃቀመ የተሰፋ ነበር። በጣም የሚገርመው ደግሞ ይኸው ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ያለ አንድ የቶማስ ወንጌል ቅጂ በትየባ ስህተት አንዲት ፊደል ጎድላዋለች፤ «ጥንታዊ» በተባለው ፓፒረስ ላይም ያችው ፊደል ጎድላ ተገኘች። በ2016 አንድ ጋዜጠኛ ፓፒረሱ የመጣበትን መንገድ ሲከታተል ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ሐሰተኛ ሳይሆን እንደማይቀር ተናገሩ። ስህተታቸውን በአደባባይ መናገራቸውን አከብራለሁ።

የ«ዘር ሐረጉ» ወሬ ደግሞ የፈረንሳይ ልጅ ነው። ፒየር ፕላንታር የተባለ ሰው በ1956 አንድ ማኅበር አቋቋመ። ራሱን ከጥንት የፈረንሳይ ነገሥታት የተወለደ አስመስሎ፣ በ1960ዎቹ ሐሰተኛ ሰነዶች ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲገቡ አደረገ። በ1982 ሦስት ጸሐፊዎች ያንን ይዘው «እነዚያ ነገሥታት የኢየሱስና የመግደላዊት ዘር ናቸው» የሚል መጽሐፍ አወጡ። በ2003 ዝነኛ ልብ ወለድ ሆነ፣ ከዚያ ፊልም። የዛሬው ቲክቶክ ቪዲዮ የዚያ የልጅ ልጅ ነው።

ጃፓን ውስጥ፣ አኦሞሪ በሚባለው ግዛት፣ ሺንጎ የምትባል መንደር አለች። በመስቀል የሞተው ወንድሙ ነው፣ ኢየሱስ ግን እዚህ መጥቶ ሩዝ አርሶ፣ አግብቶ፣ ሦስት ሴት ልጆች ወልዶ በ106 ዓመቱ ሞተ ይላሉ። መቃብሩ ብለው የሚያሳዩት ቦታም አለ። ታሪኩ የመጣው በ1930ዎቹ ነው።

ከሃይማኖቶች መካከል ምን የሚሉ አሉ? በ19ኛው መቶ ዘመን አንዳንድ የሞርሞን መሪዎች ኢየሱስ አግብቷል፣ የቃና ሠርግ የራሱ ነበር ብለው አስተምረዋል፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ግን ይህ ይፋዊ ትምህርቷ እንዳልሆነ ትናገራለች። በእስልምና ቁርኣን ለነቢዩ ዒሳ ሚስት አይጠቅስም። አር-ረዕድ በሚባለው ሱራ ውስጥ ግን አላህ ከነቢዩ ሙሐመድ በፊት ለላካቸው መልእክተኞች ሚስቶችንና ዝርያዎችን እንዳደረገላቸው ተጽፏል፤ ስለዚህ ለነቢይ ማግባት ነውር አይደለም። በአንዳንድ ዘገባዎች ዒሳ በመጨረሻው ዘመን ተመልሶ ሲመጣ ያገባል፣ ይወልዳል ይባላል። ሙስሊም ጎረቤታችን ስለ ዒሳ ትዳር ሲያወራ የሚያወራው ስለሚመጣው ነው፤ ከፈረንጁ ልብ ወለድ ጋር መቀላቀል አይገባም።

በእኛ አገር ዘር ትልቅ ነገር ነው። በ1955 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንኳ የንጉሠ ነገሥቱን የዘር ሐረግ ወደ ንግሥተ ሳባና ሰሎሞን ልጅ ወደ ቀዳማዊ ምኒልክ ወስዶ በአንቀጽ አስፍሮታል። የዳዊት ዘር መሆን ዙፋን ነበር። ለይሁዳ የልጅ ልጆች ግን የዳዊት ዘር መሆን 39 ፕሌትራ መሬትና የሻከረ መዳፍ ነበር። ከቄሣር ፊት ነፃ ሲወጡ አብያተ ክርስቲያናትን መርተው እስከ ትራጃን ዘመን ኖሩ። ዙፋን አልጠየቁም።

ዘር ፈላጊዎች አንድ ጥቅስ ይወዳሉ፤ ኢሳይያስ 53፥10፣ «ዘሩን ያያል» የሚለውን። አባቶች ዘሩ ያመኑበት ናቸው ብለው ይተረጉሙታል። ሁለት ቁጥር ከፍ ብሎ ግን ሌላ ጥያቄ አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደተጠቀሰው «ትውልዱንስ ማን ይናገራል?» ይላል። ይህን ጮክ ብሎ ሲያነብ የተሰማው ማን ነው? በጋዛ መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ፣ መጽሐፍ ኢትዮጵያዊ የሚለው የሕንደኬ ጃንደረባ ነው። መውለድ የማይችል ሰው፣ ሳይወልድ ከምድር ስለተወገደ ሰው እያነበበ «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል?» ብሎ ጠየቀ። ወንጌላዊው ፊልጶስም ከዚያ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ነገረው።

ጥቅልሉ በእጁ ነበር። ሦስት ምዕራፍ ወረድ ቢል፣ ጃንደረባ «እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ» እንዳይል የሚከለክለውን ቃል ያገኛል። እግዚአብሔር ለእንደ እሱ ያሉት በቤቱ ውስጥ «ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች ይልቅ የሚበልጥ መታሰቢያና ስም» ሊሰጥ ቃል የገባበት ቦታ ነው። ተጠምቆ ከውኃው ሲወጣ ፊልጶስን አላየውም፤ ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ።