«ዝናቡ ገና ነው» እያላችሁ መስክ ላይ አትቆዩ

ክረምት በገባ ቁጥር ያንኑ ነገር እየሰማሁ ሰለቸኝ። ጎጃም ውስጥ የልማት ሠራተኛ ነኝ። ማለዳ የዝናብ መለኪያውን አንብቤ ነው ሥራ የምጀምረው። ከሰዓት ደመናው ሲጠቁርና ከሩቅ ሲያጉረመርም «ኧረ ግቡ» እላለሁ። መልሱ ሁሌም «ዝናቡ ገና ነው፣ ይቺን ትልም ልጨርስ» ነው።

ዝናቡ ገና ሊሆን ይችላል። መብረቁ ግን ዝናቡን አይጠብቅም። ከደመናው 10 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አንዳንዴም ከዚያ አልፎ፣ ፀሐይ ያለበት ቦታ ላይ ሊወርድ ይችላል። ነጎድጓድ ደግሞ ከ15 ኪሎ ሜትር ብዙም አልፎ አይሰማም። ስለዚህ ድምፁ ከተሰማችሁ መብረቁ ሊደርስባችሁ የሚችል ቦታ ላይ ናችሁ። ብልጭ ካለ በኋላ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 9 ላይ ከሰማችሁ መብረቁ የወረደው 3 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ቀጣዩ እናንተ ጋ ሊያርፍ ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሜጫ ያለው አጎቴ ሁለት በሬዎቹን በአንድ ብልጭታ አጣ። ጠብታ እንኳ አልወረደም ነበር። ጥማዱን ፈትቶ ዋርካ ሥር አቁሟቸው ገሳውን ሊያመጣ ወደ ቤት ሄደ። ስደርስ ጎን ለጎን ወድቀዋል። አንደኛው አፉ ውስጥ ገና ያላኘከው ሣር ነበር። የዋርካው ቅርፊት ከላይ እስከ ታች ተልጦ ነጭ ሆኗል፤ መሬቱ ግን አቧራ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ «ምቀኛ አስመታበት» ይል ጀመር። ማንም አላስመታበትም። ረጅም ዛፍ መብረቁን ይቀበላል፣ ኤሌክትሪኩ በሥሩ በኩል መሬት ውስጥ ይሰራጫል፣ የከብት የፊትና የኋላ እግር ደግሞ የተራራቀ ስለሆነ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ልብን አቋርጦ ያልፋል። አጎቴ ገሳውን ባይረሳ ኖሮ እሱም እዚያው ቆሞ ነበር።

ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ዋርካም ይሁን ባሕር ዛፍ ያው ነው። ከኮረብታ ውረዱ፣ ከሽቦ አጥር ራቁ፣ ብዙ ከሆናችሁ ተበታተኑ። ሚኒባስ ካገኛችሁ ግቡና መስኮቱን ዝጉ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ሥራ አትመለሱ።

ሌላው የሚያንገበግበኝ «መብረቅ የመታውን አትንኩት፣ ኤሌክትሪክ አለበት» የሚሉት ነው። ምንም የለበትም። ብልጭታው ካለፈ ሰውነቱ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። አፈር ውስጥ መቅበርም አያድነውም፤ የሚያልፈው ደቂቃ ግን ሕይወቱ ነው። የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱን መሐል ላይ በሁለት እጅ በኃይልና በፍጥነት ተጫኑ፣ ትንፋሽ መስጠት የሚችል ካለ ይስጠው፣ ሌላው ሰው መኪና ይፈልግ።

ቀይ ልብስና መስታወት መብረቅ አይጠሩም። ሞባይልም አይጠራም፤ ቻርጅ ላይ የተሰካ ስልክ መያዝ ግን አደገኛ ነው። «አንዴ የመታውን ቦታ አይደግመውም» የሚባለውም ሐሰት ነው።

«ትንበያው ዋሸ» የሚሉኝም አሉ። «በጎጃም ነጎድጓዳማ ዝናብ ይኖራል» ሲባል ሁሉም ማሳ ላይ ይዘንባል ማለት አይደለም። አንዱ ደመና ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚሸፍነው። ሞጣ ዶፍ ሲወርድ ቢቸና ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ማለዳ እርጥበቱ 95 በመቶ ነው ስለተባለም ዝናብ መጣ ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ የሚናገረው አየሩ መያዝ ከሚችለው እርጥበት ስንቱን እንደያዘ ነው፤ የቀዘቀዘ አየር መያዝ የሚችለው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይሞላል፣ ፀሐይ ስትወጣ ቁጥሩ ይወርዳል። ወበቁን የምናየው ከሰዓት ነው። አየሩ እርጥብ ሲሆን ላብ አይደርቅም፣ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ወበቅ ባለበት ቀን ሙቀቱ ከቁጥሩ በላይ የሚከብደው ለዚህ ነው። ያን ጊዜ ሳይጠማችሁም ውኃ ጠጡ።

«የክረምቱ ዝናብ ከጣና ነው» ይባላል። አብዛኛው እርጥበት የሚመጣው ግን ከሩቅ ነው፣ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ ጭምር። ጣና ግን የራሱ ጠባይ አለው። ሌሊት የብሱ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ሐይቁ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ነፋሱ ከየብስ ወደ ውኃው ይነፍስና ደመናው ሐይቁ ላይ ይቆለላል። ስለዚህ «መብረቅ የከሰዓት ነው» ብላችሁ ማታ በታንኳ መረብ ልትጥሉ የምትወጡ ወንድሞቼ፣ ነጎድጓድ አለ ከተባለ እባካችሁ አትውጡ። ውኃው ላይ ከእናንተ የሚረዝም ነገር የለም።