የይርጋጨፌ ቡና ከሐረሩ ለምን ተለየ?

የይርጋጨፌንና የሐረርን ቡና ጎን ለጎን የቀመሰ ሰው አንድ ዓይነት ተክል ነው ቢሉት አያምንም። ሁለቱም አረቢካ ናቸው፣ ሁለቱም ደገኞች። አንዱ ግን አበባ አበባ፣ ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ሻይ እስኪመስል ቀለል ያለ ነው። ሌላው ወፈር ይላል፤ የበሰለ ፍሬ፣ አንዳንዴም ወይን ጠጅ ወይን ጠጅ ይሸታል።

«ከፍታው ነው» ይባላል። ውሸት አይደለም። ከ1,800 ሜትር በላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ ፍሬው ቶሎ አይቀላም። ቀስ ብሎ ሲበስል ጣዕሙ ይጠራቀማል፣ ዘሩም ጠጠር ይላል። ዝቅ ባለው የቴፒ መሬት የሚበቅለው ቡና ኮምጣጣነቱ ለዘብ የሚለውም አንድም በዚህ ነው።

ከፍታ ብቻ ቢሆን ግን ሐረርና ይርጋጨፌ ይህን ያህል ባልተራራቁ። ለእኔ ትልቁ ነገር ውሃ ነው። የይርጋጨፌ አገር ጌዴኦ ዝናብ አለ፣ ወንዝ አለ። ስለዚህ ቀይ እሸቱ እንደተለቀመ ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ አድሮ ዝልግልጉ ሲለቅ ይታጠብና የማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ያ ጥርት ያለ ጣዕም በአብዛኛው የዚህ እጥበት ውጤት ነው። ሐረርጌ ደግሞ ውሃ ብርቅ ነው፤ እሸቱ ከነልብሱ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል (ከነልብሱ የደረቀ ቡና) እስኪሆን ሳምንታት ይቆያል፣ የፍሬው ጣፋጭነትም ከዘሩ ጋር አብሮ ይከርማል። (አሁን አሁን ከይርጋጨፌም ያልታጠበ ቡና ይወጣል። አበባውንም ፍሬውንም አንድ ላይ የሚፈልግ እሱን ይሞክር።)

ጥላውንም አትርሱ። ጌዴኦ ቡናው ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነው የሚያድገው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ መልክዓ ምድር ነው።

ዘርም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የተወሰደው ጌሻ የሚባል የቡና ዝርያ አገር ላገር ዞሮ ፓናማ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 እዚያ ውድድር አሸንፎ ዓለምን ጉድ አሰኘ። የአበባ ጠረኑን ባሕር ተሻግሮም አልተወም። ዝቅ ያለ እርሻ ላይ ሲተከል ግን ያን ያህል አያምርም።

እኛ ቤት ችግሩ ምጣዱ ነው። ጥቁር እስኪል ከቆላነው፣ ጤና አዳም ጣል ካደረግንበት፣ የጌዴኦም ይሁን የሐረርጌ ማን ያውቃል? ቡናማ እንዳለ ያወጣው ሰው ግን በመጀመሪያው ፉት ይለየዋል። ሐረሩንማ በጥሬውም መለየት ይቻላል፦ ረዘም ያለና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው።