ገጠመኝ ሁሉ ፍልሚያ አይደለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ ከቤት መውጣት ያስጠላል። ጦሳ ጉም ለብሶ ይውላል፣ ዝናቡም አያባራም። እኛም አምስት ሆነን አንድ ጠረጴዛ ከበን ሮል ፕሌይ እንጫወታለን። ለማያውቀው ባጭሩ፦ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ፣ ያጠራጠረውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። የዚህ ጨዋታ አባት የሚባለው ደንጆንስ ኤንድ ድራጎንስ የወጣው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። መሪው መንገድ ላይ የሚያዘጋጀውን ነገር ፈረንጆቹ ኢንካውንተር ይሉታል፣ እኛ ገጠመኝ እንለዋለን። አዲስ መሪዎች ሲቸገሩ የማየው እዚህ ላይ ነው።

"ገጠመኝ ማለት ፍልሚያ ነው"

አይደለም። ፍልሚያ ከመውጫዎቹ አንዱ ነው እንጂ። እኔ ሳዘጋጅ መጀመሪያ የምጽፈው የጠላትን ጉልበት ሳይሆን ምን እንደሚፈልግ ነው።

በቀደም ተጫዋቾቼ ሲራራ ነጋዴ ሆነው፣ ከአፋር ያመጡትን አሞሌ በበቅሎ ጭነው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እየወጡ ነበር። ሀረጎ ጠመዝማዛው ላይ ጉም ወረደና ስድስት ሽፍቶች መንገዱን ዘጉ። ወረቀቴ ላይ የነበረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "አንዱ እግሩ ተሰብሯል፣ ወጌሻ ዘንድ የሚያደርሰው በቅሎ ይፈልጋሉ።" ሦስቱ ተጫዋቾች ሰይፍ መዘዙ። አራተኛዋ ግን "ቆይ፣ ያ ልጅ ለምንድን ነው የተቀመጠው?" አለች። ከዚያ እሳት አስነድዳ ጀበና ጣደች። አቦሉ ሲቀዳ የሽፍቶቹ አለቃ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ፣ በረካ ላይ ሲደርሱ ነገሩ አለቀ። አንድ በቅሎ ሰጡ፣ ሽፍቶቹ ደግሞ እስከ ደሴ መግቢያ ሸኟቸው። ለመምታት የተጣለ አንድም ዳይስ የለም፣ ግን ያን ማታ ማንም ስልኩን አልነካም።

"ሂሳቡ ከተመጣጠነ ጨዋታው ይመጣጠናል"

መመሪያው ለእያንዳንዱ ጠላት የሚሰጠውን የክብደት ነጥብ ደምሮ ከተጫዋቾቹ አቅም ጋር የማመዛዘኑ ሂሳብ ይጠቅማል፣ እኔም እሠራለሁ። ግን ነጥብ መደመር ብቻውን ያታልላል። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የደንጆንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም ባግቤር የሚባለው ጭራቅ 200 ነጥብ አለው። ጎብሊን የሚባለው ትንሽ ጭራቅ ደግሞ 50፣ ስለዚህ አራት ጎብሊን ያው 200 ነው። ለአራት ጀማሪ ገጸ ባሕርያት ግን ባግቤሩ መካከለኛ ፈተና ሲሆን፣ አራቱ ጎብሊኖች ገዳይ ከሚባለው ደረጃ ይገባሉ። መመሪያው ራሱ ጠላቶቹ ከሦስት እስከ ስድስት ከሆኑ ነጥቡን በሁለት አባዛ፣ ማለትም 400 አድርገህ መዝን ይላል።

ምክንያቱ ተራ ነው። ባግቤሩ በአንድ ዙር አንዴ ይመታል፣ ተጫዋቾቹ አራቴ ይመቱታል። ልክ እንደ ደቦ ነው፣ አንድ ማሳ ላይ ብዙ ሰው ከተረባረበ ሳይመሽ ያልቃል። ለዚህ ነው ወር ሙሉ ያዘጋጃችሁት ትልቁ ጠላት ብቻውን ሲቆም በሁለት ዙር የሚወድቀው። አጃቢ ስጡት።

ቦታውንም ሂሳቡ አያውቀውም። ሀረጎ ላይ ጉም ከወረደ ቀስተኛው ምኑን አይቶ ይወረውራል? ገደሉ ጫፍ ላይ የቆመ ደካማ ጎብሊንስ አንድ ጀግና ቢገፈትር?

"ጠላት እስከ ሞት ይዋጋል"

ነፍሱን የማይወድ ማን አለ? በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የዚሁ ጨዋታ የጀማሪዎች እትም ለዚህ ግሩም ሕግ ነበረው። እያንዳንዱ ፍጡር ከ2 እስከ 12 የወኔ ቁጥር አለው። የመጀመሪያው ጓዳቸው ሲሞት፣ ኋላም ግማሾቹ ሲያልቁ፣ መሪው ሁለት ባለስድስት ገጽ ዳይስ ይጥላል። ድምሩ ከወኔው ከበለጠ ይፈረጥጣሉ ወይም እጅ ይሰጣሉ። ዛሬም በየትኛውም እትም ብትጠቀሙበት ይሠራል። የሸሸ ጠላት ደግሞ ነገ ተመልሶ የሚመጣ ታሪክ ነው።

"በዳይስ የሚመጣ ገጠመኝ የሰነፍ መሪ ነው"

ዳይስ ተጥሎ ገጠመኙ የሚመረጥበት ሰንጠረዥ በደንብ ከተጻፈ አይደለም። ሰንጠረዥ ስለ አገሩ ይናገራል፦ መንገዱ ላይ ማን እንደሚመላለስ፣ ምን እንደሚያስፈራ። የእኔ የሀረጎ ሰንጠረዥ ስድስት መስመር ብቻ አላት። ፍየል የጠፋባት ልጅ አለች፣ ጎርፍ የበላው መንገድ አለ፣ ወደ ሐይቅ ገዳም የሚጓዝ መነኩሴም አለ። እነዚያ ሽፍቶች የመጡት ዳይሱ አራት ላይ ስላረፈ ነው።