ጥቃቅን ሚውቴሽኖች ምንድን ናቸው?

አንድ ዓረፍተ ነገር እንያዝ፦ «ከበደ አበባ ቆርጦ ሰጣት።» አራት ቃላት፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ፊደል። ይቺን ዓረፍተ ነገር አትርሷት፣ እንመለስባታለን።

በህዋሶቻችን ውስጥ ያለው የዘር መመሪያ፣ ዲኤንኤም፣ በፊደል የተጻፈ ነው። ፊደሎቹ ግን አራት ብቻ ናቸው፦ ኤ፣ ቲ፣ ሲ እና ጂ። ኤ ከቲ ጋር፣ ሲ ከጂ ጋር ይጣመራሉ። ሰው ከእናቱ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ይወርሳል፤ ከአባቱም እንዲሁ። ፕሮቲን የሚሠራው የህዋሱ ማሽን ትእዛዙን የሚያነበው ሦስት ሦስት ፊደል እየቆጠረ ነው።

ሚውቴሽን በዚህ ጽሑፍ ላይ የሚመጣ ለውጥ ነው። የክሮሞዞምን (የረጅም ዲኤንኤ ጥቅልን) ቁራጭ አዙሮ እስከ መግጠም የሚደርሱ ትልልቅ ለውጦች አሉ። የዛሬው ጉዳያችን ግን ጥቃቅኖቹ ናቸው፦ አንድ ፊደል በሌላ ሲተካ፣ ወይም ጥቂት ፊደሎች ሲወጡና ሲገቡ።

ወደ ከበደ እንመለስ። «ሰጣት» የሚለውን «ሠጣት» ብላችሁ ብትጽፉት ያው ነው፤ ድምፁም ትርጉሙም አልተነካም። ዲኤንኤ ላይም ብዙ ለውጦች እንዲህ ያልፋሉ። ምክንያቱም የተለያዩ የሦስት ፊደል ቃላት አንድ ዓይነት አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ሊያዙ ይችላሉ። «ልጁ ተመረቀ» የሚለው ግን አንድ ፊደል ሲለወጥ «ልጁ ተመረዘ» ይሆናል። የዲኤንኤ ፊደል ለውጥም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ምንም አያመጣም፣ ሌላው ነገሩን ሁሉ ይገለብጠዋል።

የፊደል መጥፋት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከ«ከበደ» ላይ «በ»ን እናውጣና ያው ሦስት ሦስት እየቆጠርን እናንብብ፦ «ከደአ በባቆ ርጦሰ ጣት።» አንዲት ፊደል ስትወጣ ከእሷ በኋላ ያለው በሙሉ ፈረሰ። አሁን ደግሞ «አበባ» የሚለውን ሙሉውን እናውጣ፦ «ከበደ ቆርጦ ሰጣት።» ምን እንደሰጣት አናውቅም እንጂ ይነበባል። ለዚህ ነው ጂን (ፕሮቲን የሚሠራበት ትእዛዝ የያዘ የዲኤንኤ ክፍል) ውስጥ አንድ ፊደል ማጣት ብዙ ጊዜ ሦስት ፊደል ከማጣት የሚብሰው።

እነዚህ ስህተቶች ከየት ይመጣሉ? አንዱ ምንጭ ግልበጣ፣ ማለትም ቅጂ ማውጣት ነው። ህዋስ ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን በሙሉ ይገለብጣል። የሚገለብጠው ኢንዛይም (ሥራ የሚያከናውን ፕሮቲን) በራሱ ከ100,000 ፊደል አንዱን ያህል ይስታል። ግን ወዲያው ወደ ኋላ ተመልሶ ያርማል፤ ሌሎች ጠጋኞችም ከኋላው ይከተላሉ። በመጨረሻ የሚተርፈው ስህተት ከቢሊዮን አንድ ገደማ ነው። አንድ ፊደል ተደጋግሞ የሚመጣበት ቦታ ላይ ደግሞ ኢንዛይሙ ቆጠራው ይጠፋበታል። አሥር ኤ ተደርድሮ ዘጠኝ ወይም አሥራ አንድ ይጽፋል። ብዙዎቹ ትናንሽ የፊደል መጥፋቶችና መጨመሮች የሚመጡት እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ማንም ሳይገለብጥ የሚመጣ ነው፤ ተራ ኬሚስትሪ። ቀስ ብለን እንየው። ሲ ፊደል ውሃ ውስጥ ሆና አልፎ አልፎ አንድ ቁራጯን ትጥልና ወደ ሌላ ሞለኪውል፣ ወደ ዩራሲል ትለወጣለች። ዩራሲል የዲኤንኤ ፊደል አይደለም። ስለዚህ ጠጋኞቹ ባዕድ መሆኑን አውቀው ቶሎ ያወጡታል። ነገር ግን ሲ ከጂ በፊት ስትቆም ብዙ ጊዜ ሜቲል የሚባል ትንሽ ጭማሪ ይለጠፍባታል። ይህች ሲ ያንኑ ቁራጭ ስትጥል የምትሆነው ቲ ነው። ቲ ደግሞ ሕጋዊ ፊደል ነው፤ ስህተቱ ባዕድ መልክ ስለሌለው በቀላሉ ያመልጣል። በዚህ የተነሳ «ሲጂ» ያለበት ቦታ ከሌላው አሥር እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይለወጣል። በጂኖማችን (በሙሉው ዲኤንኤአችን) ውስጥ «ሲጂ» ከሚጠበቀው በጣም ያነሰበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ አልቋል።

አንድ ልጅ ሲወለድ ወላጆቹ ላይ ያልነበሩ 70 ያህል አዲስ ለውጦች ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአይስላንድ የ1,548 ሰዎች ጂኖም ከእናትና ከአባታቸው ጋር ተነጻጽሮ ነበር። የአባት ዕድሜ በአንድ ዓመት ሲጨምር ልጁ ላይ 1.5 ያህል ለውጥ ይጨመራል። በእናት በኩል አንድ ለመጨመር ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። የሴት እንቁላሎች ክፍፍላቸውን በአብዛኛው የሚጨርሱት እሷ ሳትወለድ ነው። የወንዱ ዘር አመንጪ ህዋሶች ግን ዕድሜ ልካቸውን ይከፈላሉ፤ መከፈል ማለት ደግሞ መገልበጥ ነው።

አሁን ይህን ሁሉ በአንድ ጂን ላይ እንየው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ታሪክ ነው። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ዩሪኬዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው። ሰውነት የሚያመነጨውን ዩሪክ አሲድ የሚባል ቆሻሻ ወደ ቀላል ነገር ይለውጥላቸዋል። ዝንጀሮዎችም አላቸው። እኛ የለንም። ጂኑ ግን ዛሬም አለን፣ ተሰብሮ ቁጭ ብሏል። በ33ኛው ቃል ላይ «ሲጂኤ» የነበረው «ቲጂኤ» ሆኗል። «ቲጂኤ» ደግሞ ለህዋሱ «እዚህ ጋ አቁም» ማለት ነው። ልብ በሉ፦ ከጂ በፊት የቆመች ሲ ወደ ቲ ተለወጠች። ከላይ ያየነው ኬሚስትሪ ራሱ ነው! ደማችን ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚበዛው፣ መገጣጠሚያ ላይ እየተጠራቀመ ሪህ የሚያመጣብንም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህችው ስህተት፣ በዚያው ቦታ፣ ጭራ አልባው ዘመዳችን ኦራንጉታን ላይም አለች። ቺምፓንዚ ላይም አለች። እያንዳንዳችን ለየብቻ እዚያው ፊደል ላይ ተሳስተን ነው ማለት ይከብዳል። ስህተቱ አንድ ጊዜ፣ በጋራ ቅድመ አያታችን ላይ ደርሶ ለሁላችንም ተረፈ። ትንንሾቹ ጭራ አልባ ዘመዶቻችን ጊቦኖችም ይህን ኢንዛይም አጥተዋል፣ ግን በሌላ መንገድ፤ እነሱ 13 ፊደል ጠፍቶባቸዋል። 13 ለሦስት አይካፈልም። ከበደ ላይ የደረሰው ደረሰባቸው።

በአጠቃላይ ሲታይ ግን አብዛኛው ለውጥ እንዲህ የሚያስወራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የቺምፓንዚ ጂኖም ሲነበብ ከእኛ ጋር 35 ሚሊዮን ያህል የነጠላ ፊደል ልዩነት ተገኘ፤ ከመቶ 1.2 ገደማ ነው። በዚህ ላይ 5 ሚሊዮን ያህል የመውጣትና የመግባት ለውጦች አሉ። ከዚህ ሁሉ የሚበዛው ለሰውነት ጥቅምም ጉዳትም የለውም። ጃፓናዊው የዘረመል ተመራማሪ ሞቶ ኪሙራ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳስረዳው፣ እንዲህ ዓይነቱ ለውጥ በትውልዶች ውስጥ የሚስፋፋው ወይም የሚጠፋው በዕድል ብቻ ነው። የሚጎዳው ለውጥ ብዙ ዘር ሳይተካ ይቀራል። የሚጠቅመው ጥቂት ነው።

ፍጥነቱም ለሁሉም እኩል አይደለም። ቶሎ የሚወልዱ ጦጣዎች በዓመት ሲሰላ ከእኛና ከትልልቆቹ ጭራ አልባ ዘመዶቻችን የበለጠ ለውጥ ያከማቻሉ።

ከጥቂቶቹ አስደናቂ ቦታዎች አንዱን ልጨምር። 118 ፊደል ብቻ ያላት ቁራጭ ናት፤ ስሟ ኤችኤአር 1 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዋ ካትሪን ፖላርድና ባልደረቦቿ ናቸው ይፋ ያደረጓት። ዶሮና ቺምፓንዚ በዚህች ቁራጭ ላይ የሚለያዩት በ2 ፊደል ብቻ ነው። በ300 ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሁለት! ሰውና ቺምፓንዚ ግን በ18 ይለያያሉ። ይህች ቁራጭ ሥራዋ ፅንስ ውስጥ ነው፤ የአንጎል ቅርፊት ሲሠራ ትነቃለች። ሰው የመሆናችን ምሥጢር እዚህ ነው ብሎ ለመዝለል ያጓጓል።

ግን 18ቱን ለውጦች አንድ በአንድ ስታዩአቸው ሁሉም አቅጣጫቸው አንድ ነው፦ ከኤ ወይም ከቲ ወደ ሲ ወይም ወደ ጂ። ሲ ወደ ቲ ከምትፈርስበት መንገድ ተቃራኒ ነው። ከእናትና ከአባት የመጡ ክሮሞዞሞች ቁራጭ ሲለዋወጡ ጠጋኞቹ ሳይጣጣሙ የቀሩ ፊደሎችን ያስተካክላሉ፤ ያን ጊዜ ወደ ሲና ወደ ጂ ያደላሉ። ለውጡ ጠቃሚ ይሁን ጎጂ አይጠይቁም። ስለዚህ 18ቱን ፊደሎች ያመጣቸው የተፈጥሮ ምርጫ ነው፣ ይህ አድልዎ ነው ወይስ ሁለቱም የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን እስካሁን ያከራክራል።