«ሲሊኮን ቀባበት» እና ሌሎች የቤንዚን ታንክ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የኋላ ወንበሩ ቤንዚን የሚሸት ቪትዝ ወይም ኮሮላ ሲያጋጥም ከወንበሩ ሥር ታንኩ አናት ላይ ላለው የፓምፑ ክዳን ቶሎ የሚሰጠው ምክር ያው አንዱ ነው፤ «ሲሊኮን ቀባበት፣ ይይዘዋል።» አይይዘውም! ለሞተር ክዳን የሚሆነው ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከብረቱ ይላቀቃል። የተቀረፈው ቁራጭ ታንኩ ውስጥ ወድቆ የፓምፑን ወንፊት ይዘጋል። መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ ደግሞ «ፓምፑ ተቃጥሏል» ተብሎ ደህናው ይጣላል።

አሮጌው ጓርኒሲዮንም፣ ማለትም የክዳኑ የጎማ ማሸጊያ፣ ተመልሶ አይገባም። ቤንዚን ውስጥ የኖረ ጎማ ስለሚያብጥ ከመቀመጫው ይተርፋል፤ በግድ ሲጫኑት አንድ ቦታ ይታጠፋል፣ ሽታው የሚወጣውም በዚያች እጥፋት ነው። ለሞዴሉ የተሠራ አዲስ ግዙ። አቧራውን ክዳኑ ከመነሳቱ በፊት ጥረጉ፤ ከተነሳ በኋላ የሚጠረገው ወደ ታንኩ ይገባል። ፓምፑን ስትመልሱ የክዳኑን ምልክት ከታንኩ ምልክት ጋር አግጥሙ፤ ዞሮ ከተቀመጠ የቤንዚኑን ልክ የሚከታተለው የተንሳፋፊው ክንድ የታንኩን ግድግዳ ይነካና የቤንዚን ጌጁ ይዋሻል። ብሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ በአጭር ቁልፍ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቃችሁ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። «በጠበቀ ቁጥር ይታሸጋል» ማለት ስህተት ነው። ከልክ ሲያልፍ ቀጭኑ ክዳን በብሎኖቹ መካከል ይጎብጣል፤ ክዳኑን የሚይዘው ቀለበት ፕላስቲክ ከሆነም ይሰነጠቃል።

«ባዶ ታንክ አይነድም» ማለትም ስህተት ነው። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን እንፋሎቱ ነው፤ አየሩ ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል። ስለዚህ ባዶ ታንክ ላይ ብየዳ አይሞከርም።

«የጣና ነፋስ ሽታውን ይወስደዋል።» የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ግቢው ውስጥ ቡና የተጣደበት ከሰል ካለ ሥራው አይጀመርም።

«እሳት ቢነሳ ውሃ አለ።» ቤንዚኑ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያሰፋዋል። የደረቅ ዱቄት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር።

«ባትሪውን መንቀል ብቻ በቂ ነው።» የቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ገና አልወጣም። የፓምፑን ፊውዝ አውጥታችሁ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስነሱት፤ የባትሪው ኔጌቲቭ የሚነቀለው ከዚያ በኋላ ነው።

«አላፈሰሰም፣ አለቀ» የሚባለውም ብዙ ጊዜ ሩብ ታንክ ይዞ ነው። ክዳኑ ታንኩ አናት ላይ ስላለ ቤንዚኑ ገና አልደረሰበትም። መጀመሪያ ቱቦውን ቀጭ እስኪል ግፉትና መልሳችሁ ሳቡት። ፓምፑ ሲሠራ ወደ 3 ባር ይገፋል፣ ከጎማ ነፋስ የሚበልጥ ግፊት ነው፤ የውሃ ጎማ በፋሼታ (በብረት ማሰሪያ) ታስሮ ይህን አይችልም። ወንበሩን ሳትመልሱ ሞተሩን አስነስታችሁ መጋጠሚያውን በባትሪ መብራት እዩ። ቀጥሎ ታንኩን ሙሉና የቤዛዊትን ዳገት ወጥታችሁ ውረዱ፤ ስትመለሱ በክዳኑ ዙሪያ ደረቅ ወረቀት አዙሩ። ወረቀቱ ከረጠበ ክዳኑ እንደገና ይነሳል፤ ደረቅ ከሆነ ወንበሩ ይመለስ።